የዋጋ ሰሌዳ፦ በክፍተት ወይስ በሳጥን መለየት?

ፒያሳ፣ ካፌ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የዋጋ ሰሌዳ እንውሰድ። አእምሯችን ጽሑፉን አንብቦ ሳይጨርስ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ መድቦ ያስቀምጣል።

በክፍተት፦ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማክስ ቬርትሃይመር በ1923 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የተቀራረቡ ነገሮች እንደ አንድ ቡድን ይታያሉ። በመስመሮች መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ከተተወ፣ በትኩስ መጠጥና በጁስ መካከል ቢያንስ 2 ይተው፤ እኩል ከሆነ ምድቡ ይጠፋል። ትልቁ ስህተት ግን ዋጋው ላይ ነው። «ማኪያቶ» ግራ ጫፍ፣ ዋጋው ቀኝ ጫፍ ሲጻፍ በመካከል ያለው ባዶ ቦታ በመስመሮቹ መካከል ካለው በጣም ይሰፋል። ስለዚህ ስሞቹ ከስሞች፣ ዋጋዎቹ ከዋጋዎች ጋር ቁልቁል ይያያዙና ዓይን ከታች ወዳለው የሻይ ዋጋ ይንሸራተታል። ዋጋውን ከስሙ አጠገብ ማምጣት ነው መፍትሔው፤ ካልተቻለ በነጠብጣብ ማገናኘት።

በሳጥን፦ በአንድ ክፈፍ የታጠሩ ነገሮች ቢራራቁም አንድ ላይ ይታያሉ፤ ክፈፉ ብዙ ጊዜ ቅርበትን ያሸንፋል። ሰሌዳው ሲጠብ ይጠቅማል። ግን የክፈፉ መስመር ራሱ ዓይን ይስባል፤ ለጽሑፉ በጣም ከተጠጋም የ«ሻ» እግር ከመስመሩ ጋር ተጣብቆ ከሩቅ ማንበብ ይከብዳል።

እኛ ክፍተትን እናስቀድማለን። ሳጥኑ ለአንድ ነገር ብቻ ይቆይ፣ ለምሳሌ ለጾም ምግብ።