አምስት ትምህርት ቤቶችን በአንድ ጉባኤ ላገናኙልን አንጋፋ መምህርት የቀረበ ምስጋና

ለተከበራችሁ የትምህርት ቤት አመራሮች፣ ሱፐርቫይዘሮችና መምህራን፦

አዲስ አበባ ውስጥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኝ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሆኜ አገለግላለሁ። ትምህርት ቤታችን የጉድኝት፣ ማለትም አብረው እንዲሠሩ የተቧደኑ አጎራባች ትምህርት ቤቶች፣ ማዕከል ሲሆን በሥሩ ሳተላይት የምንላቸው አራት ትምህርት ቤቶች አሉት። በጥር ወር ማብቂያ፣ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና ታርሞ ውጤት ከተሞላ በኋላ፣ ተማሪዎች ዕረፍት ላይ ሳሉ የአምስቱን ትምህርት ቤቶች ሠራተኞች በሙሉ ሰብስበን ለሁለት ቀን የቆየ የጋራ የሙያ ማሻሻያ ጉባኤ አካሂደናል። ይህንን ጉባኤ ከዝግጅቱ ጀምሮ እስከ ክትትሉ የመሩልንን እናት በአደባባይ ማመስገን፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ላላቸው ትምህርት ቤቶችም መጠቆም የሙያ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ መምህራኑ በሚጠሯቸው አጠራር እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። እትዬ ለረጅም ዓመታት በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሲያስተምሩ ቆይተው ጡረታ የወጡ አሠልጣኝ ናቸው።

አንድ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ፣ በአጭሩ ተሙማ ለምንለው ሥራ፣ ማዋል እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን። ሰዓቱ እንዴት እንደሚሞላም እናውቃለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመምህራኖቻችን በተዘጋጀ አንድ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ በስላይድ ያመጣውን ጽሑፍ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያነብ ውሎ፣ መምህራኑም የመገኘት ፊርማቸውን ፈርመው፣ በማግስቱ አንዳቸውም ክፍል ውስጥ ያደረጉት አዲስ ነገር ሳይኖር ወረቀቱ ብቻ በማህደረ ተግባራቸው፣ ማለትም የሙያ ማሻሻያ ማስረጃቸውን በሚያስቀምጡበት ፋይል፣ ውስጥ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ያንን ቀን የፈቀድኩት እኔ ስለነበርኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ የጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር አምስቱን ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ እንሰብስብ የሚል ሐሳብ ሲያቀርቡ በቀላሉ አልተስማማሁም። እትዬን ያገናኘን ከሳተላይት ትምህርት ቤቶቹ በአንዱ የሚሠራ፣ በኮሌጅ የእሳቸው ተማሪ የነበረ መምህር ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባችን ርዕስ እንዲመርጡልን ስንጠይቃቸው አልመረጡም። የአንድ ወር ጊዜ ጠየቁ። በዚያ ወር ውስጥ አምስቱንም ትምህርት ቤቶች በእግራቸው እየዞሩ ከክፍሎች ኋላ ተቀምጠው ትምህርት ተከታተሉ፤ ደብተር ይዘው ነጥብ የሚሰጡ ተቆጣጣሪ እንዳይመስሉ አስቀድመው ለመምህሩ ፈቃድ ይጠይቁ ነበር። ቀጥለውም ለእያንዳንዱ መምህር ግማሽ ገጽ ወረቀት ሰጥተው፣ በዚህ መንፈቅ ዓመት በሚገባ ተዘጋጅቶ አስተምሮት ተማሪዎቹ ግን ሳይገባቸው የቀረውን አንድ ትምህርት ስሙን ሳይጽፍ እንዲገልጽላቸው አደረጉ። ወረቀቶቹን ለእኛ ለአመራሮች አላሳዩንም። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን መምህራኑ በድፍረት የጻፉት በዚህ ምክንያት መሆኑን ተረዳሁ።

ወረቀቶቹ ሲለዩ ከሁሉም ትምህርት ቤቶች ደጋግሞ የመጣው ችግር የታችኛው ክፍል ንባብ ነበር። በጉባኤው ላይ እትዬ በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የተካሄደውን የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ጥናት አስታወሱን። በዚያ ጥናት ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ለደረጃቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም ነበር። ቁጥሩን ከተናገሩ በኋላ ብዙ አላብራሩም፤ ወዲያው የራሳችንን መምህራን ወረቀቶች ማንበብ ጀመሩ። አንዲት የ1ኛ ክፍል መምህርት እንዲህ ጽፋ ነበር፦ ልጆቹ ከሀ እስከ ሆ በዜማ ያለ አንዳች ስህተት ይወርዱታል፤ እኔ ግን ሰሌዳው ላይ «ጌ» የሚለውን ብቻውን ስጽፍላቸው ከ«ገ» ጀምረው በጣታቸው እየቆጠሩ ካልደረሱበት በቀር አያውቁትም።

አዳራሹ ውስጥ የነበረው የታችኛው ክፍል መምህር ሁሉ ይህንን ሲሰማ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እትዬ መልስ ከመስጠት ይልቅ ይህንን ችግር በአንድ መንገድ የፈታ ሰው እንዳለ ጠየቁ። በዚህ ጊዜ ከአንደኛው ሳተላይት ትምህርት ቤት የመጡ፣ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ አንድ አዛውንት መምህር ተነሥተው ጠመኔ ያዙ። ሰሌዳው ላይ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም «በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ» ብለው ጨመሩ። የኔታ ዘንድ ልጁ ሀሁን ከጨረሰ በኋላ ወደ አቡጊዳ የሚሻገረው፣ በዜማ የያዘው ቅደም ተከተል ተበትኖ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ እንዲለይ ለማድረግ መሆኑን፣ መልእክተ ዮሐንስን ለማንበብ የሚበቃውም ከዚያ በኋላ መሆኑን አስረዱ። እሳቸው ይህንኑ መንገድ ይዘው ለ1ኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው ፊደላቱን በካርቶን ካርዶች ላይ ጽፈው በየቀኑ እየበወዙ እንደሚያስነብቡ፣ በተለይም ቅርጻቸው ከረድፍ ረድፍ የሚለዋወጠውን የሳድስ ፊደላት ለብቻ አውጥተው እንደሚያለማምዱ አሳዩን።

እኚህ መምህር ከእኛ ትምህርት ቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ ርቀት ላይ ለብዙ ዓመታት ሲያስተምሩ ኖረዋል። ችግሩን የጻፈችው መምህርትም ብቃቷ የተመሰከረላት ናት። ሁለቱ ግን ስለ ሥራቸው ተነጋግረው አያውቁም ነበር። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የታችኛው ክፍል መምህራን በትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላችን ውስጥ ተቀምጠው ካርዶቹን በእጃቸው ቆርጠው፣ ጽፈው፣ ለየክፍላቸው ይዘው ሄዱ። ካርቶኑን ያገኘነው በአካባቢው ካሉ ሱቆች በነፃ ነው።

ሌላው የእትዬ ውሳኔ በመጀመሪያ ብዙዎቻችንን አከራክሮን ነበር። የትምህርት ቤት ሠራተኛ ማለት መምህር ብቻ አይደለም በማለት የቤተ መጻሕፍት፣ የጽሕፈት ቤት፣ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች፣ እንዲሁም በተማሪዎች ምገባ ላይ የሚሠሩ እናቶች በተሳታፊነት እንዲገኙ ጠየቁ። እናቶቹ በእነዚያ ሁለት ቀናት ምግብ እንዳያበስሉ፣ ቡናም እንዳያፈሉ አጥብቀው ስላሳሰቡ ምሳውን ከውጭ አስመጣን። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ተሳታፊዎች በትንንሽ ቡድን ተከፋፍለው፣ ከንባብ ወደ ኋላ ስለቀሩ ልጆች እያንዳንዱ ሰው ከሥራው ቦታ ሆኖ የሚያየውን እንዲናገር ተደረገ። የጥበቃ ባልደረባችን ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ የሚደርሱት ልጆች በአብዛኛው ሁልጊዜ እነዚያው መሆናቸውን፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ታናናሾቻቸውን ሌላ ቦታ አድርሰው የሚመጡ መሆናቸውን ተናገሩ። ከምገባ እናቶቹ አንዷ እነዚሁ ልጆች ቁርስ እንደሚያመልጣቸው አከሉ። የ2ኛ ክፍል መምህራኑም የንባብ ትምህርቱ በአብዛኛው በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንደተመደበ አስተዋሉ። ልጆቹ ረሃብም ንባብም በአንድ ጠዋት ሲያገኛቸው ኖረዋል ማለት ነው። የክፍለ ጊዜ ድልድሉን የማጸድቀው እኔ ነኝ፤ ይህንን ግን አላየሁትም ነበር። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መግቢያ ላይ የታችኛው ክፍል ንባብ ወደ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ተዛውሯል፤ ለዘገዩ ልጆችም ቁርስ ተለይቶ ይቀመጣል።

በላይኛው ክፍል የሒሳብ መምህራን ስለ ክፍልፋይ፣ በተለይም ተማሪዎች አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ሲደምሩ ሁለት አምስተኛ ስለሚሉበት ምክንያት ጥሩ ውይይት አድርገዋል። በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር፤ እትዬ ከመጀመሪያውም ፕሮጀክተር ስላልጠየቁ ሥራችን አልተስተጓጎለም።

ጠቋሚ ሰው ጉድለቱንም መናገር ስላለበት የሚከተለውን እጨምራለሁ። የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከታሰበው በላይ ረዝሞ፣ ሕፃን ልጅ ያላቸው መምህራን ተቸግረው ነበር። የሥነ ጥበብና የሰውነት ማጎልመሻ መምህራንም ለሙያቸው የሚሆን በቂ ጊዜ እንዳላገኙ በጽሑፍ ገልጸዋል፤ ቅሬታቸውም ትክክል ነው። ይህንን ለእትዬ ስነግራቸው ለቀጣዩ ጉባኤ ሁለቱ የትምህርት ዓይነቶች በመጀመሪያው ዕለት ጠዋት እንዲያዙ ወዲያው መዝግበዋል።

ከሁሉም በላይ ያመሰገንኳቸው ግን ከጉባኤው በኋላ ስላደረጉት ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ተመልሰው መጡ። አምስቱን ትምህርት ቤቶች እንደገና ዞረው፣ እያንዳንዱ መምህር ከጉባኤው ወስዶ የሞከረውን አንድ ነገር እንዲያሳያቸው ጠየቁ። ያልሞከሩም ነበሩ፤ አልወቀሷቸውም፤ ምን እንደከለከላቸው ጠይቀው ከሞከረ ባልደረባ ጋር አጣመሯቸው። ያቺ «ጌ»ን የጻፈችው መምህርት የተበወዙ ካርዶች ይዛ፣ ልጆቿ ተራ በተራ እየተነሡ ያለ ጣት ቆጠራ ሲያነቡ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁሉም ልጅ ደርሷል ማለት አልችልም፤ ስድስት ልጆች ገና ናቸው፤ መምህርቷ ግን ስድስቱ እነማን እንደሆኑና እያንዳንዳቸው የትኞቹ ፊደላት ላይ እንደሚቸገሩ ለይታ ይዛለች። አዛውንቱ መምህርም በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት ወደ ማዕከላችን እየመጡ ከአዳዲስ መምህራን ጋር ይሠራሉ፤ ይህም ሰዓት በተሙማ ዕቅዳቸው ውስጥ ተመዝግቧል።

እትዬ፣ ይህን ጽሑፍ ልጆችዎ እንደሚያነቡልዎ ነግረውኛል። በእኔም ሆነ በአምስቱ ትምህርት ቤቶች ሠራተኞች ስም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

እሳቸውን ለመጋበዝ የምታስቡ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ነገር አስቀድማችሁ እንድታውቁ እፈልጋለሁ። ለዝግጅት ቢያንስ አንድ ወር ይጠይቃሉ፤ በሳምንት ውስጥ ይድረስልን የሚል ጥያቄ አይቀበሉም። ርዕሰ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች መክፈቻ ንግግር አድርገው የሚወጡበት ጉባኤ ላይ አይሠሩም፤ ሁለቱንም ቀን ከመምህራኑ ጋር መቀመጥ ይኖርባችኋል። ክፍያቸው መጠነኛ ነው፤ እኛ ከምሳና ከጽሕፈት መሣሪያ ወጪ ጋር ደምረን ከአምስቱ ትምህርት ቤቶች የውስጥ ገቢ አዋጥተን ሸፍነነዋል፤ ለተሳታፊዎች አበል አልተከፈለም። ከአዲስ አበባ ውጭ ከሆናችሁ መጓጓዣና ማረፊያ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። አድራሻቸውን ለመስጠት ፈቃዳቸውን ስላገኘሁ ከትምህርት ቤታችሁ ስም ጋር በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ እልክላችኋለሁ። የክረምቱን መርሐ ግብር በግንቦት ወር ስለሚያወጡ ከዚያ በፊት ብትጠይቁ ይመረጣል።