የነዳጅ ተንሳፋፊና የነዳጅ ፓምፕ፦ የትኛው አዲስ፣ የትኛው ያገለገለ ይገዛ?

የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ገብቶ የነዳጅ ተንሳፋፊ (በነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ ሆኖ ስንት ነዳጅ እንዳለ ለጌጁ የሚነግረውን ዕቃ) ለሚጠይቅ የፒክአፕ ወይም የአይሱዙ ባለቤት ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓይነት ዕቃ ይቀርብለታል፤ እነርሱም አዲስ ኦሪጅናል፣ ካርቶኑ ኦሪጅናሉን የሚመስል አዲስ ኮፒ፣ እና ከሌላ መኪና ተፈትቶ የመጣ ያገለገለ ኦሪጅናል ናቸው። ፓምፕ ለሚጠይቅም ምርጫው ያው ነው። አብዛኛው ገዢ ለሁለቱም ዕቃ አንድ ዓይነት ውሳኔ ሲወስን አያለሁ፤ አቅም ያለው ሁለቱንም አዲስ፣ የሌለው ሁለቱንም ያገለገለ ይገዛል። እኔ ግን ሁለቱ በአንድ ሚዛን መለካት የለባቸውም እላለሁ፤ ምክንያቱም ተንሳፋፊውን ገንዘብ ከመቁጠር በፊት እዚያው ባንኮኒው ላይ ፈትሾ ማወቅ ሲቻል፣ የፓምፑ ጤንነት ግን መኪናው ላይ ገብቶ ካልሠራ በስተቀር አይታወቅም።

ይህን የተማርኩት ከፍዬበት ነው። በቤንዚን የሚሠራው ፒክአፔ ዕቃ ጭኖ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጣ ዳገቱ ላይ ጠፋ፤ የነዳጁን መጠን በመርፌ የሚያሳየው ጌጅ በዚያን ሰዓት ሩብ ያሳይ ነበር። የተጎተተበት ጋራዥ «ፓምፑ ሞቷል» አለኝ፤ አዲስ ኮፒ ፓምፕ ገዛሁ፤ ተገጠመ፤ ለመሞከሪያም 10 ሊትር ቤንዚን ተጨመረበትና ተነሣ። ሁላችንም ያስነሣው ፓምፑ ነው ብለን አመንን። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አሁንም ጌጁ ሩብ እያሳየ፣ መኪናው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቆመ። የዚያን ዕለት ያየልኝ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን ገና ኮፈኑን ሳይከፍት «ልጄ፣ መጀመሪያ ቤንዚን ጨምርበትና እንየው» አለኝ። እውነትም ሰልባቲዮው፣ ማለትም የነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ ባዶ ነበር። ያስነሣው 10 ሊትሩ እንጂ አዲሱ ፓምፕ አልነበረም።

ስለዚህ ከግዢው በፊት የሚቀድመው በሽታውን መለየት ነው። ለጌጁ የሚበቃው ፍተሻ ቀላል ነው። ቁልፉን አጥፍቶ ሰልባቲዮው ላይ ያለውን የተንሳፋፊ ሶኬት መንቀል፣ ከዚያ ቁልፉን ወደ ኦን መልሶ መርፌው ወዴት እንደሄደ ማየት ነው፤ ቀጥሎም እንደገና አጥፍቶ፣ ከጌጁ በኩል ወደ ተንሳፋፊው የሚመጣውን ሽቦ ከኔጌቲቭ ጋር ለአጭር ጊዜ ማገናኘትና ቁልፉን መክፈት ነው። መርፌው በመጀመሪያው ወደ አንዱ ጫፍ፣ በሁለተኛው ወደ ሌላው ጫፍ ከሄደ ጌጁም ሽቦውም ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ ተንሳፋፊው ዘንድ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ግን ተንሳፋፊ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ የተበጠሰ ሽቦ፣ የዛገ ኔጌቲቭ ወይም ራሱ ጌጁ መፈለግ አለበት። የሙቀት ጌጁም አብሮ ካበደ ከሁሉ አስቀድሞ ፊውዙ ይታይ። ጌጁ በኮምፒውተር በኩል በሚታዘዝባቸው አዳዲስ መኪኖች ግን ሽቦ ማገናኘት ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል በስካነር ማንበብ ይሻላል። የቤንዚን ትነት ለብልጭታ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም፤ ቁልፉ ሳይጠፋ ሽቦ አይነካ፤ ሰልባቲዮውም ክፍት አይሁን።

ወደ ንጽጽሩ ስንገባ፣ ተንሳፋፊ ማለት በክንዱ ከፍታ ልክ ኦሙ (ኤሌክትሪክን የመግታት መጠኑ) የሚለዋወጥ ቀላል መሣሪያ ነው፤ ችግሩ ግን ሁሉም አምራች አንድ ዓይነት ኦም አለመጠቀሙ ነው። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ሰልባቲዮው ሲሞላ 3 ገደማ፣ ሲያልቅ 110 ገደማ ኦም ይነበባል፤ የተለመደው የአውሮፓ አሠራር ደግሞ በተቃራኒው ባዶው 10፣ ሙሉው 180 ነው። የኦሙ መጠን ከጌጁ ጋር ያልተስማማ ተንሳፋፊ አዲስ ቢሆንም ዕድሜውን ሙሉ ሲዋሽ ይኖራል። ኮፒው የሚወድቀው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፤ ቅርጹ ይገጥማል፣ ቁጥሩ አይገጥምም።

እኔ ኦም የሚለካ ቴስተር ይዤ ሄጄ ኮፒውንና ያገለገለውን ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ያገለገለውን ክንድ ቀስ አድርጌ ወደ ላይ ሳነሣው ቴስተሩ 107፣ 92፣ 75 እያለ ሳይቋረጥ እስከ 5 ወረደ። አዲሱ ኮፒ 60 ላይ ሲደርስ ንባቡ ብን ብሎ ጠፋ፤ ክንዱን ትንሽ ሳንቀሳቅሰው 38 ላይ ተመልሶ መጣ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ቤንዚን ሲገባበት ይስተካከላል» አለኝ፤ ቤንዚን ክንዱ የሚንሸራተትበትን የተበላ መስመር ሲጠግን አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ለተንሳፋፊ የእኔ ቅደም ተከተል፣ በቴስተር ያለፈ ያገለገለ ኦሪጅናል አንደኛ ነው፤ አዲስ ኦሪጅናል የሚያዋጣው ከከተማ ውጭ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ነው፤ ኮፒ ግን ከአሮጌው ጋር በኦምም በክንድ ርዝመትም ካልተመሳሰለ ባይገዛ ይሻላል።

ፓምፑ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ያገለገለ ፓምፕ ባንኮኒ ላይ ከባትሪ ጋር ሲያያዝ ይዞራል፤ ሻጩም «ይኸው ይሠራል» ይላል፤ መዞር ግን ግፊት አይደለም። ውስጡ ያለው፣ ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርሰው ካርቦን ምን ያህል እንዳለቀና ፓምፑ በፊት ባለቤቱ እጅ ስንት ጊዜ ደርቆ እንደዞረ ከውጭ አይታይም። በኢንጀክሽን የሚሠሩ ብዙ የቤንዚን ሞተሮች ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ስለሚፈልጉ፣ ደካማው ፓምፕ ሜዳ ላይ አሽከርክሮ ዳገት ላይ ይከዳል። በዚህ ምክንያት ያገለገለ ፓምፕ በምንም ዋጋ አልመክርም። ወጪ መቀነስ የሚፈልግ ሰው ሙሉውን ቀፎ (ፓምፑና ተንሳፋፊው የሚቀመጡበትን ፕላስቲክ) ትቶ የታወቀ አምራች፣ ለምሳሌ ዴንሶ ወይም ቦሽ፣ የሠራውን ሞተሩን ብቻ ገዝቶ በአሮጌው ቀፎ ውስጥ ማስገጠም ይችላል፤ ከሥሩ ያለችው ወንፊት አብራ መቀየር አለባት። ሙሉ ቀፎ የሚያስፈልገው ፕላስቲኩ ሲሰነጠቅ ወይም አብሮት ያለው ተንሳፋፊም ሲበላሽ ነው።

ይህም ቢሆን የሚገዛው ሶኬቱ ላይ ቮልት ከተለካ በኋላ ነው። ፓምፑ እንዲሠራ በታዘዘበት ሰዓት ወደ ባትሪው ቮልት የሚጠጋ ደርሶ፣ ኔጌቲቩም ደኅና ሆኖ ዝም ካለ ፓምፑ ሞቷል፤ 9 ቮልት ብቻ ከደረሰ ግን የሚፈለገው ሪሌው (ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋው ማብሪያ) ወይም ሽቦው ነው። ባለ 24 ቮልት ለሆነ የጭነት መኪና የ12 ቮልት ፓምፕ መግጠም ማቃጠል ነውና ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበብ።

የቆዩ የናፍጣ አይሱዙዎች ባለቤቶች በዚህ ብዙ መጨነቅ የለባቸውም። ናፍጣ የሚስበው ሞተሩ ጎን ያለው፣ የእጅ መጫኛ ያለበት መካኒካል ፓምፕ ስለሆነ፣ ደከመ ሲባል በቅድሚያ ፊልትሮው፣ የተሰነጠቀ ቱቦና አየር የሚያስገባ ማሰሪያ ይፈተሽ፤ ብዙ ጊዜ ጎሚኒውን መቀየር ይበቃል።

ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃና ፓምፑ ገና የሚሠራ ከሆነ፣ ተንሳፋፊው ይቅደም። ሰልባቲዮ ውስጥ የተቀመጠ የቤንዚን ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ቤንዚን ስለሆነ፣ በሚዋሽ ጌጅ ተማምኖ በጭላጭ የሚነዳ ሰው አዲሱንም ፓምፕ ያቃጥለዋል። ተንሳፋፊው ከተገጠመ በኋላ መርፌውን ማረጋገጥም ከባድ አይደለም፤ አሁን የነዳጅ ክፍያ በስልክ ስለሚፈጸም የተቀዳው መጠን ተመዝግቦ ይቀመጣል። እኔ ከባዶ ጀምሬ 20፣ ከዚያ 40 ሊትር አስቀድቼ መርፌው የቆመበትን ቦታ ጌጆቹ ባሉበት ክሩስኮቶ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አደረግሁ። ያለ ጥፋቱ የተፈታው አሮጌው ፓምፕ፣ ታሪኩን ስለማውቀው፣ ከመቀመጫው ኋላ በፌስታል ተጠቅልሎ ለመጠባበቂያ ተቀምጧል።