ሦስት የቅበላ ደብዳቤዎች ሲመዘኑ፦ የአሜሪካ ረዳትነት፣ ኤራስመስ ሙንዱስ እና የጀርመን ነጻ ትምህርት

ሁለትና ሦስት ዩኒቨርሲቲ የተቀበለው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ስሙ ይበልጣል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ቢመጣ ይሻላል። መጀመሪያ መነበብ ያለበት ደብዳቤው ውስጥ ያለው የገንዘብ አንቀጽ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ፣ የጎደለውን ከቤተሰብ አስልኮ መሙላት ለአብዛኛው ሰው የሚሞከር አይደለም።

ከአሜሪካ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። የረዳትነት (እያስተማሩ ወይም በምርምር እያገዙ የሚከፈልበት) የዶክትሬት ደብዳቤ በተለመደው አጻጻፍ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ለዘጠኝ ወር 24,000 ዶላር፣ ከትምህርት ክፍያ ነጻ፣ በውጤትና በበጀት ሁኔታ የሚታደስ»። «ዘጠኝ ወር» ማለት ክረምቱ አይከፈልም ማለት ነው፤ ገንዘቡ ለ12 ወር ይብቃቃል። «ከትምህርት ክፍያ ነጻ» ሲባል ልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያዎችና የጤና መድን ላይካተቱ ይችላሉ። ለአገልግሎት 1,800፣ ለመድን 1,600 ዶላር ከራስ ይወጣል ብለን እናስላ። ግብሩም አለ። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት የላትም። የሕንድ ተማሪ በአገሩ ስምምነት መደበኛውን ተቀናሽ (ግብር ከመሰላቱ በፊት ከገቢ ላይ የሚነሣውን) ያገኛል፤ ለቻይና ተማሪ ከገቢው 5,000 ዶላሩ ከግብር ነጻ ነው። የእኛ ተማሪ ግን ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ ይከፍላል። በ24,000 ላይ የፌዴራሉ ግብር ብቻ ከ2,600 ዶላር በላይ ነው፤ የክፍለ ግዛቱ ግብር ካለ ይጨመርበታል። በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ላለ ሰው መልካሙ ነገር፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት የማኅበራዊ ዋስትናና የሜዲኬር (የአረጋውያን ጤና መድን) መዋጮ አይቆረጥበትም። ይህ ሁሉ ተቀንሶ እጅ ላይ የሚቀረው 18,000፣ በወር 1,500 ዶላር ገደማ ነው። ያችን 1,500 ከካምፓሱ አካባቢ የቤት ኪራይ ጋር አስተያዩ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ 24,000 ዶላር፣ ቦስተን ውስጥ ካለ 32,000 ዶላር የተሻለ የሚያኖርበት ጊዜ ብዙ ነው።

«የሚታደስ» የሚለው ቃል ደግሞ ዋስትና አይደለም። ለስንት ዓመት እንደሆነ በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ የተሰጠው አንድ ዓመት ነው ብላችሁ አስቡ። ገንዘቡ ከአንድ ፕሮፌሰር የምርምር ፈንድ የሚመጣ ከሆነ፣ ፈንዱ ሲያልቅ ወይም ፕሮፌሰሩ ዩኒቨርሲቲ ሲቀይር ተማሪው መሐል መንገድ ላይ ይቀራል። ለዲፓርትመንቱ ይህን ጥያቄ በኢሜይል ላኩ፦ «አማካሪዬ ቢለቅ ወይም ፈንዱ ቢቋረጥ ዲፓርትመንቱ ይሸፍንልኛል?» መልሱን አስቀምጡት። እዚያ የሚማሩ ሁለትና ሦስት ተማሪዎችን ደግሞ ባለፈው ክረምት ተከፍሏቸው እንደሆነ፣ አብረዋቸው ከገቡት ስንቱ እንዳቋረጠ ጠይቁ። «አማካሪሽ እንዴት ነው?» ተብላ የተጠየቀች ተማሪ መልሱን ካሳጠረችው፣ ያ ራሱ መልስ ነው።

በአሜሪካ የመወሰኛው ቀን ኤፕሪል 15 ነው። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤትን የውሳኔ ሐሳብ የፈረሙ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የገንዘብ ድጋፍ የሰጡትን ተማሪ ከዚያ ቀን በፊት መልስ እንዲሰጥ አያስገድዱትም። «እስከ አርብ ወስን» የሚል ኢሜይል ከመጣ፣ ትምህርት ቤቱ ከፈራሚዎቹ አንዱ መሆኑን አይታችሁ ቀኑን በትሕትና አስታውሱ። አበሉ እንዲጨመር መጠየቅም ነውር የለውም፤ የሌላውን ደብዳቤ አያይዞ አንድ ጊዜ መጠየቅ ያስኬዳል።

በአውሮፓ ኅብረቱ ስኮላርሺፕ፣ በኤራስመስ ሙንዱስ ላይ ድርድር የለም፤ ክፍያው ለሁሉም አንድ ነው። ለማስተርስ በወር 1,400 ዩሮ፣ ቢበዛ ለ24 ወር፣ የትምህርት ክፍያ የለም፣ መድንም አለው። ትኬትም፣ ቪዛም፣ ኪራይም ከዚያችው 1,400 ነው የሚወጡት። ችግሩ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የሚለቀቀው ተማሪው ደርሶ፣ ተመዝግቦ፣ የባንክ ሒሳብ ከከፈተ በኋላ ነው፤ ቤት አከራይ ግን ተቀማጭ የሚጠይቀው በመጀመሪያው ቀን ነው። ቢያንስ 1,200 ዩሮ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ትምህርቱ ከአንድ በላይ አገር ስለሆነ፣ በየአገሩ አዲስ የመኖሪያ ፈቃድና አዲስ ቤት ፍለጋ አለ። በዋናው የተመራጮች ዝርዝር ላይ ላለ ሰው የሚሰጠው የመልስ ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ ከአሜሪካኑ ኤፕሪል 15 ጋር ሊጋጭ ይችላል። የሁለቱን ቀን አስቀድሞ ጎን ለጎን መጻፍ ነው።

በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አያስከፍሉም፤ ባደን ቩርተምበርግ የተባለው ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። «ነጻ» የሚለው ቃል የሚያታልለው ዝግ ሒሳቡ (ለቪዛ አስቀድሞ ባንክ የሚያዘው ገንዘብ) ጋ ሲደረስ ነው። ስኮላርሺፕ የሌለው ሰው ቪዛ ለማግኘት ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ማስያዝ አለበት፤ በየወሩ የሚለቀቅለት 992 ዩሮ ነው። ከዚያ ላይ የጤና መድን ወደ 150 ዩሮ ይወስዳል። ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራት ይፈቀድለታል፤ ቋንቋውን ካልቻለ ግን ሥራ ቶሎ አይገኝም። ከተመረቀ በኋላ ሥራ ለመፈለግ የሚሰጠው 18 ወር ትልቅ ነገር ነው። በኤምባሲው የቪዛ ቀጠሮ ስለሚዘገይ፣ ደብዳቤው እንደደረሰ በዚያው ሳምንት ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል።

ፍርዳችን ይኸው። ለዶክትሬት፣ የአራት ወይም የአምስት ዓመት ዋስትና በጽሑፍ የሰጠ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ይቀድማል። ለማስተርስ ኤራስመስ ሙንዱስ የሚበልጠው የለም። ጀርመን ጥሩ የሚሆነው ማስያዣው በእጅ ላለ ሰው ነው፤ ተበድሮ ያስያዘ ሰው ዕዳውን ከዚያችው 992 ሊከፍል አይችልም። ያለ ፈንድ የመጣ የአሜሪካ ማስተርስ ደብዳቤ፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን፣ እምቢ ይባል።

ከመወሰናችሁ በፊት ኮስት ሼሪንጉን አጣሩ። ዕዳው ካልተዘጋ ኦፊሴላዊው ትራንስክሪፕት አይወጣም፤ ተቀባዩ ትምህርት ቤት ደግሞ ያለ እሱ ምዝገባውን አያጠናቅቅም። የባለቤት ነገርም ይታሰብበት፦ በኤፍ-2 ቪዛ የሄደች ሚስት አሜሪካ ውስጥ መሥራት አትችልም። ከሁለት ትምህርት ቤት አይ-20 (ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገው የትምህርት ቤቱ ቅጽ) የደረሰው ሰው 350 ዶላሩን የሴቪስ (የአሜሪካ የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ) ክፍያ የሚከፍለው በመረጠው ትምህርት ቤት አይ-20 ቁጥር ነው፤ ለቃለ መጠይቅ ይዞ የሚሄደውም እሱን ነው።

ላልመረጣችሁት ትምህርት ቤት በዚያው ቀን ሁለት መስመር ጻፉ፦ ስለ ቅበላው አመሰግናለሁ፣ ሌላ ቦታ ወስኛለሁ። ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ያለ አንድ ሰው ያንን ቦታ እየጠበቀ ነው።