ሳይለኩ የማይፈቱት የቱሉ ዲምቱ መካኒክ

ይሄ ጽሑፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። አሮጌ ኮሮላ ይዛችሁ ከጋራዥ ጋራዥ ለምትንከራተቱ ሁሉ።

የምነዳው በፈረንጅ የ1990 ሞዴል ኮሮላ ዲኤክስ ነው። ዲኤክስ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ሞተሩ እሺ ብሎ አይሞትም፣ ዋጋውም እሺ ብሎ አይወርድም። የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ወዲህማ ጭራሽ ብሶበታል። ስለዚህ ያለችንን መጠጋገን ነው።

ቤቴ አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከኮብል ወደ ፒስታ፣ ከፒስታ ወደ ጉድጓድ። የኋላ ሾኮቼ ዘይት ማንጠባጠብ ከጀመሩ ቆይተዋል። አንድ ጉብታ ካለፍኩ መኪናው ሦስት አራት ጊዜ ይነጥራል። እናቴ ከኋላ ተቀምጣ "በቅሎ ይሻለኝ ነበር" ብላኛለች።

በዚህ መሀል የአክስቴ ልጅ ከዱባይ መጣ። ግማሽ ሻንጣውን የሞላው ኮይልኦቨር ነበር። ለማያውቀው፣ ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ ተገጥመው የሚመጡ ናቸው፤ ዋናው ነገር ቁመታቸው በጥርስና በዳዶ መስተካከሉ ነው። ደስታዬ ግን ካርቶኑን እስካነብ ድረስ ነበር። የሞዴል መለያው ኤኢ111 ይላል። የእኔ ኢኢ90 ነው። በመካከላቸው አንድ ሙሉ ትውልድ አለ። ልጁ "ኮሮላ ኮሮላ ነው" ብሎ ነው የገዛው። ምን ልበለው? የእናቴን ሽቶ ትቶ ያመጣልኝ እቃ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ጋራዥ ስም አልጠራም። ልጆቹ እቃውን አገላብጠው አዩና "ያልገጠመውን ቀዳዳ እናሰፋዋለን፣ የቀረውን በብየዳ፤ ግማሽ ቀን ነው" አሉኝ። መኪናውን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ ነው ጎረቤቴ ወደ ጋሼ የላከኝ። ስማቸውን እዚህ አላወጣም፣ ራሳቸው "ተወው" ብለውኛል። ቱሉ ዲምቱ፣ ከአደባባዩ ገባ ብሎ ያለች የቆርቆሮ ጋራዥ ናት። ጋሼ ካርቶኑን አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ "ይሄ የሌላ መኪና ነው" አሉ። "አውቃለሁ ጋሼ" አልኩ። "ካወቅክ ጥሩ። አንድ ጎማ ብቻ ፈትተን እንለካ፤ ካልሆነ አሮጌውን መልሼ አስርልሃለሁ፣ አንተም እቃህን ሸጠህ የራስህን መኪና ሾክ ትገዛለህ።" ገንዘብ የሚያመልጣቸውን ምክር ከመጀመሪያው ደቂቃ ነው የሰጡኝ።

አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስተኟቸው። መለኪያ ካሊፐር አወጡ። የሁለቱን ቡሎኖች ቀዳዳ ስፋት፣ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ርቀት፣ ጎማው የሚታሰርበትን ሞዞ የሚሸከመው ብረት የሚገባበትን ክፍተት፣ ከላይ ቦዲው ላይ የሚታሰሩትን ሦስት ቡሎኖች፣ ሁሉንም ለክተው የሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፉ። ሁለቱም መኪኖች ከፊትም ከኋላም ማክፈርሰን የሚባለው፣ ሾኩ ራሱ ጎማውን ከቦዲው ጋር የሚያያይዝበት አሠራር ስላላቸው ዕድለኛ ነበርኩ፤ የአሠራሩ መሠረት አንድ ነው። የፊቶቹ ገጠሙ። የኋላዎቹ ከታች ልክ ናቸው፣ ከላይ ግን የሦስቱ ቡሎን አቀማመጥ አልገናኝ አለ።

እዚህ ላይ ነው ሌላ ሰው ድሪል የሚያነሳው። ጋሼ ቦዲውን አልነኩም። የዲኤክሱን የራሱን ጎማማ መቀመጫ አጥበው መልሰው ተጠቀሙበት። የመሀል ቀዳዳው ለአዲሱ ዘንግ ስለሰፋ ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት ልከው በልኩ ቡሽ፣ ማለትም ክፍተቱን የሚሞላ የብረት ቀለበት፣ አሠሩለት። አንድ ቀን ሙሉ በዚህች ቡሽ አለቀ። የድሮው መቀመጫ ጎማ ስላለው ደግሞ ከኮይልኦቨሩ ጋር እንደመጣው ደረቅ ብረት ድምፅ አይሰጥም፤ ይሄን አሁን ነው የገባኝ።

ሁለተኛው ጣጣ የፍሬን ቱቦ ነበር። በአሮጌው ሾክ ላይ ቱቦውን የሚይዝ ጆሮ አለ፣ በአዲሱ ላይ ቦታው ሌላ ነው። "በያጅ እንጥራ?" አልኩ። ተቆጡኝ። "ይሄ ውስጡ ዘይትና ጋዝ አለው። በብየዳ ታግለዋለህ፣ ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ ይቀልጣል፣ ከፋ ሲልም ይፈነዳል።" በቡሎን የምትታሰር ትንሽ መያዣ ከላሜራ ቆርጠው ሠሩ። ከዚያ መኪናው በክሪክ እንደተሰቀለ መሪውን ጥግ ድረስ ወደ ግራ፣ ጥግ ድረስ ወደ ቀኝ እያዞርኩ እሳቸው ከታች ተኝተው ቱቦው መወጠሩንና ጎማ መንካቱን አዩ። መኪናው ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላም ያንኑ ደገሙት። እኔ ሰለቸኝ፣ እሳቸው አልሰለቻቸውም።

አሁን ወደ እኔ ሞኝነት። መኪናው ዝቅ እንዲልልኝ ጠይቄ ነበር፤ ፎቶ ላይ ያምራል። ጋሼ በሩ ላይ ያለውን መንገድ በእጃቸው አሳዩኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ቁመቱ ድሮ በነበረበት ቀረ።

አንድ ነገር ግን አስረድተውኛል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ልጻፈው። ሞላውን በዳዶ እያጠበቁ መኪና ከፍ ማድረግ ልክ አይደለም። በዚህ ዓይነቱ ኮይልኦቨር ከታች ያለው መያዣ ራሱ በጥርስ ይወጣል ይወርዳል፤ ቁመት የሚስተካከለው በእሱ ነው። ሞላው እንዳይላላ ያህል ብቻ ይጠብቃል። በሞላው ከሄድክ ሾኩ የሚንቀሳቀስበትን ቦታ ትበላበታለህ። ሞላ በግራይንደር የሚያስቆርጡትንማ ባያነሷቸው ይሻላል፤ የተቆረጠ ሞላ ይደርቃል፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ደግሞ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል።

ጥርሱን ጭቃ እንዳይበላው ግሪስ ቀብተው ባረጀ ጎማ ላስቲክ ጠቀለሉት። ዳዶዎቹን በአዲስ ቀየሩ። አላይመንት እሳቸው ጋ የለም፤ "ሳታሠራ ሩቅ እንዳትሄድ፣ ጎማ ትጨርሳለህ" ብለው ወደ ሌላ ቦታ ላኩኝ።

ሦስት ቀን ፈጀ። የእጅ 9 ሺህ ብር ከፈልኩ፣ የቶርኖው ለብቻ ነው።

እንዴት ሆነ? እውነቱን ልናገር፣ ከድሮው ትንሽ ደረቅ ይላል። ሞላው ከእኔዋ ከበድ ለሚል መኪና የተሠራ ነው፤ ኮብሉ ላይ ይሰማል። ግን አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ይወጣል፣ አለቀ። መንጠር የለም። ፍሬን ስይዝ አፍንጫው አይደፋም። በፈጣን መንገዱ እስከ ቢሾፍቱ ሄጄ ተመለስኩ፣ መሪው ቀጥ ብሎ ነው የቆየው። እናቴ በቅሎዋን አላነሳችም፤ ቱሉ ዲምቱ ሳንደርስ እንቅልፍ ወስዷታል።

500 ኪሎ ሜትር ስሞላ ቡሎኖቹን ሊያጠብቁ ራሳቸው ደውለው ጠሩኝ። አንዱ ትንሽ ላልቶ ነበር። ብር ባወጣ "ሂድ ልጄ" አሉኝ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

እንከናቸውንም ልንገራችሁ። ችኩል ሰው እዚያ አይሂድ። ደረሰኝ አይሰጡም። ክረምት ላይ የጋራዡ መግቢያ ጭቃ ነው። ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄ እልካለሁ። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ግን አትደውሉ፤ አያነሱም።