መኪናውን ስጧቸው፣ ካር ሲቱን ግን ቤት አስቀሩት

ባለፈው እሁድ ከሐረር ስንመለስ ትንሹን ልጄን ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ አስመለሰው። ማንጎው፣ እርጎው፣ ጠዋት የበላው ሁሉ ካር ሲቱ (መኪና ውስጥ የሚታሰርበት የልጅ መቀመጫ) ላይ ፈሰሰ። መስኮቱን ከፈትን። ግን ቁልቁለቱን በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሙቀቱ ሲጨምር ሽታው ይብሳል፤ ድሬ እስክንገባ እኔም ልደግመው ምንም አልቀረኝ።

በማግስቱ ሳቢያን አካባቢ ያለ አንድ ላቫጆ ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም።

መጀመሪያ ጥሩውን ልንገራችሁ። ልጆቹ ሥራ ያውቃሉ። የኋላውን ወንበር ፈትተው አወጡት። ከሥሩ የደረቀ ዳቦ፣ አንድ እግር ካልሲ፣ ከረሜላ ከነወረቀቱና ስፈልገው የከረምኩት የቤት ቁልፍ ተገኘ። ምንጣፉን በኦሞና በብሩሽ ፈትገው አሰጡት፣ የወንበሩ ሐዲድ ውስጥ የገባውን አሸዋ ደግሞ በኮምፕረሰር እየነፉ አወጡት። ድሬ የሚኖር ሰው የዚህ ትርጉም ይገባዋል፤ ነፋስ ከተነሳ መስኮት ዘግታችሁም አቧራው ይገባል። ውሃችን ፀሐይ ላይ ከደረቀ መስታወቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል አይደል? እነሱ ሳይደርቅ በጨርቅ ወለወሉት። ዋጋው ከሌላው ቦታ ከፍ ይላል፣ ግን ለመኪናው አልቆጨኝም።

ካር ሲቱ ላይ ነው ጉዱ። «ቀበቶውን እንዳትነክሩት፣ በረኪናም እንዳይነካው» ብዬ አስጠንቅቄ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ መሬት ላይ ተገልብጦ በፕሬሸር ውሃ ይገረፋል፣ በረኪናው ከሩቅ ይሸታል። አጣቢውን ልጅ ምን እያደረግክ ነው ስለው፣ «አቦ ምን ያጨናንቅሃል! ነጭ ነው የማደርግልህ» አለኝ። ቀበቶው እኮ ሲገዛም ጥቁር ነው።

እንደ ሌላ ጨርቅ ታጥቦ የሚሰጣ ይመስላል እንጂ፣ መኪና ሲጋጭ ልጁን የሚይዘው ያ ቀበቶ ነው። በረኪና ክሩን ያደክመዋል፣ በዓይን ግን ምንም አይታወቅም። ከዕቃው ጋር የመጣው መመሪያ በግልጽ ጽፎታል፦ ቀበቶው አይነከርም፣ ማሽን ውስጥ አይገባም፣ ለስላሳ ሳሙና በነካ እርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጥላ ላይ ይደርቃል። ማሽን የሚገባው ሽፋኑ ብቻ ነው፣ የእኛው በ30 ዲግሪ። የእናንተን መመሪያ እዩ፣ ሁሉም አንድ አይደለም።

መቆለፊያውም «ቀጭ» ማለት አቆመ። ቤት ወስጄ ቀዩን መጫኛ ለብ ያለ ውሃ በያዘ ኩባያ ውስጥ አስገብቼ ደጋግሜ ስጫነው፣ መጀመሪያ አሸዋ ወጣ፣ ቀጥሎ ረጅም የማንጎ ጭረት። ከዚያ ቀጭ አለ። ዘይት ጠብ አድርግበት ያለኝ ጎረቤት ነበር፣ እንዳትሰሙት፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል።

የላቫጆው ባለቤት ይቅርታ ጠይቆ ግማሹን ብር መልሶልኛል፣ ይህን አልክድም። ቀበቶውን ግን በረኪና ከነካው ወዲያ አላመንኩትም። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያን ዞሬ የሚመጥነው ስላጣሁ፣ ካር ሲቱን የላከችልን እህቴ የዚያኑ ፋብሪካ ቀበቶ እየፈለገችልኝ ነው። እስኪመጣ ልጁ ደንገጎን አይሻገርም፣ አያቱ ወደ ድሬ ይውረዱ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሽፋኑን ከማውለቃችሁ በፊት ቀበቶው በየት በየት እንደሚያልፍ በስልክ ፎቶ አንሱት። እኔ ሳላነሳ አውልቄ፣ ማታ እስከ አራት ሰዓት ሳሎን መሃል ተቀምጬ ቀዳዳ ስቆጥር አመሸሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ ሶፋው ላይ ሆና ትስቅብኛለች።