ጎንደር ውስጥ ጥሩ የቧንቧ ሠራተኛ ለምትፈልጉ

ከጀርመን ጓዛችንን ጠቅልለን ጎንደር ከገባን ወዲህ እጁን ያልዘረጋልን ሰው የለም። የቧንቧ ሠራተኛችንን ግን በአደባባይ ሳላመሰግን ማለፍ አይሆንልኝም።

የገባንበት ለዓመታት ተዘግቶ የኖረው የአባቴ ቤት ነው። የተዘጋ ቤት ቧንቧ ምን እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል፤ የጎማ ማሸጊያው ይደርቃል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ውኃ ሲለቀቅበት በየመገጣጠሚያው ያንጠባጥባል። በዚያ ላይ የከተማችን ውኃ በፈረቃ ነው። ልጆቻችን ደረቅ ቧንቧ ከፍተው ቆመው ሲጠብቁ ማየት ለእኔም ለባለቤቴም ከባድ ነበር።

አስቀድሞ ያየው ሌላ ሠራተኛ የራሰው የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ካልፈረሰ መላ የለውም ብሎን ነበር። የእኛ ሠራተኛ ግን መዶሻ አላነሳም። የቤቱን ቧንቧ ሁሉ አስዘጋና ቆጣሪው አጠገብ ቁጢጥ አለ። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቀይ መዘውር ቀስ እያለች ትዞራለች። «እትዬ፣ ይዩት፣ ውኃው አሁንም እየሄደ ነው» ብሎ ለባለቤቴ አሳያት። ከዚያ መስመሩን በየክፍሉ እየዘጋ ሄደ፤ የወጥ ቤቱን ሲዘጋ መዘውሯ ቀጥ አለች። ለካ የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ ያራሰው ከጀርባው፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለ አንድ መገጣጠሚያ ነው! እሱን ለወጠ፣ አለቀ።

ሮቶውንም ዝም ብሎ አልሰቀለልንም። 2000 ሊትር ውኃ 2 ቶን ይመዝናል፤ የድሮው ማማ እግሮች ደግሞ ከሥር በዝገት ተበልተዋል። በብየዳ ካልተጠናከሩ አልሰቅልም ብሎ ሥራውን አቆመ። ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ነውና ለዚህ የማመሰግነው ከሁሉ አብልጬ ነው። ወደ ሮቶው በሚወጣው መስመር ላይም ውኃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ ቫልቭ ገጠመ። ቀድሞ ፈረቃው ሲያልፍ የሞላነው ውኃ ተመልሶ ወደ መንገዱ መስመር ይወርድ ነበር፤ እኛ ግን ልጆቹ ጨረሱት እያልን እንቆጣቸው ነበር።

ዕቃ ከቅዳሜ ገበያ ሲገዛ ደረሰኙንና መልሱን ቆጥሮ ያስረክባል፣ የሚሠራውን አሮጌ ዕቃ ካልተለወጠ አይልም። ጥር 11 ለጥምቀት ዘመድ አዝማድ ቤቱን ሞልቶት ሳለ ፈረቃው ቢዘገይም ውኃ አላጣንም። እናቴ እስካሁን ስሙን እየጠራች ትመርቀዋለች።

ከአራዳ እስከ አዘዞ ይሠራል። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዶልኛል። አንድ ሥራ ሳይጨርስ ሌላ አይጀምርምና ቀደም ብላችሁ ተራ ያዙ፤ በተለይ ከውጭ ተመልሳችሁ የቆየ ቤት የምትከፍቱ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ቤቱን አሳዩት።