የለንደን የሕግ ድርጅቶች ቫኬሽን ስኪም፦ ለልፋቱ ይበቃል ወይ?

ቫኬሽን ስኪም የሥራ ልምድ ተብሎ ይተዋወቅ እንጂ በተግባር ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ቃለ መጠይቅ ነው። በለንደን ያሉ ትልልቅ የሕግ ድርጅቶች ሶሊሲተር (በእንግሊዝ ካሉት የጠበቃ ዓይነቶች አንዱ) የሚያደርገውን የሁለት ዓመት የሥልጠና ውል፣ ትሬኒንግ ኮንትራክት፣ በአብዛኛው የሚሰጡት በስኪሙ ላለፉ ተማሪዎች ነው። በቀጥታ ለኮንትራክቱ ለሚያመለክት የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው፤ ጭራሽ የማያስቀሩም አሉ። ስለዚህ እዚህ የሚመዘነው ስኪሙ ብቻ ሳይሆን ወደ እሱ የሚያስገባው ረጅም ማጣሪያም ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ስኪሙ ልፋቱን ይክሳል። ማጣሪያው ግን ብዙ ጊዜ ይበላል፣ በጅምላ የሚያመለክትን ሰውም ክፉኛ ይቀጣል።

መጀመሪያ የሚገኘውን ጥቅም እንይ። የተለመደው ስኪም ሁለት ሳምንት ነው፤ አንድ ሳምንት ብቻ የሚሰጡም እስከ አራት ሳምንት የሚወስዱም አሉ። የክረምቱ በዲሴምበር፣ የጸደዩ በፋሲካ ዕረፍት፣ የበጋው ከጁን እስከ ኦገስት ይካሄዳል። የለንደን ድርጅቶች ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ከ400 እስከ 600 ፓውንድ ባለው ውስጥ ይወድቃል። ዋናው ጥቅም ግን ከዚያ በኋላ ነው። ኮንትራክት የሰጠ ትልቅ ድርጅት ኤስ ኪው ኢ የተባለውን የሶሊሲተርነት መመዘኛ ፈተናና የዝግጅት ኮርሱን፣ ሕግ ላላጠና ደግሞ የመሸጋገሪያ ዲፕሎማውን ክፍያ ይሸፍናል፤ የኑሮ ድጎማም ይጨምራል። በ2024 ማጂክ ሰርክል የሚባሉት አምስቱ ቀዳሚ የለንደን ድርጅቶች ሥልጠናውን ጨርሶ አዲስ ፈቃድ ላገኘ ሶሊሲተር የሚከፍሉትን ደመወዝ በዓመት 150,000 ፓውንድ አድርሰዋል። ለአንድ ቦታ ያ ሁሉ ሰው ለምን እንደሚጋፋ ይህ ቁጥር ይናገራል።

የጊዜ ሰሌዳው ለማያውቀው ሰው ወጥመድ ነው። ድርጅቶቹ የሚመለምሉት ከሁለት ዓመት በላይ ቀድመው ስለሆነ የሕግ ተማሪ የሚያመለክተው በሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ሌላ ትምህርት የሚያጠና ደግሞ በመጨረሻው ዓመት። ማመልከቻው በአብዛኛው በሴፕቴምበር ይከፈታል። የክረምቱ ስኪም በኦክቶበር አካባቢ፣ የጸደዩና የበጋው ከዲሴምበር እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ይዘጋል። ይሁን እንጂ ማብቂያ ቀኑን ብቻ መመልከት አያዋጣም፤ ብዙዎቹ ድርጅቶች ማመልከቻ የሚያነቡትም ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩትም እንደ አመጣጡ ነው። በመጨረሻው ሌሊት የገባ ፎርም የሚወዳደረው ለተረፈው ቦታ ነው። ከመዘጋቱ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀድሞ ማስገባት ይሻላል። በአንድ ዓመት ለአንድ ድርጅት አንድ ጊዜ ብቻ ማመልከት የተለመደ ደንብ ስለሆነ የተበላሸ ፎርም እስከ መጪው ዓመት አይታረምም።

ወደ ፎርሙ እንግባ፤ ከማጣሪያው ሁሉ ከባዱ እሱ ነው። ገጹ ዝም ብሎ ከቆየ በራሱ የሚዘጋ አለ፤ መልሱን ሌላ ቦታ ጽፎ መገልበጥ የማይቀር ነው። በየትምህርት ዓይነቱ የተገኘው ነጥብ አንድ በአንድ፣ በመቶኛ ይጠየቃል። 58ን ወደ 60 ማስጠጋት ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ በኋላ ትራንስክሪፕቱ ሲመጣ ግን የተሰጠው ቦታ ይሰረዛል። ነገሩ በዚያም ላያበቃ ይችላል፤ የሶሊሲተሮች ተቆጣጣሪ አካል፣ ኤስ አር ኤ፣ ወደ ሙያው የሚገባን ሰው ታማኝነት ይመረምራልና።

ብዙዎቹ ድርጅቶች የሚጠይቁት በዲግሪ ቱ ዋን (በተለምዶ 60 በመቶና ከዚያ በላይ)፣ ዩኒቨርሲቲ ከመግባት በፊት በሚወሰደው የኤ ሌቭል ፈተና ደግሞ በሦስት ትምህርት ኤ ኤ ቢ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ተስፋ ይቁረጥ ማለት ግን አይደለም። በርካታ ድርጅቶች ሬር የተባለውን የምልመላ ሥርዓት ይጠቀማሉ፤ ሥርዓቱ የተማሪውን ውጤት ከተማረበት ትምህርት ቤት አማካይ ውጤት ጋር ያነጻጽራል፣ በስደተኝነት የመጣ መሆኑንና የምሳ ድጎማ ያገኝ እንደነበርም ይጠይቃል። እነዚህን ጥያቄዎች በኀፍረት ዘሎ የሚያልፍ ልጅ ለራሱ የቆመለትን ምስክር አባረረ ማለት ነው። ከሌላ አገር የመጣ የትምህርት ማስረጃ ያለው ሰው ዩኬ ኤኒክ የሚሰጠውን የአቻነት ማረጋገጫ ቀደም ብሎ ቢያወጣ ይጠቅመዋል። ለውጤት መቀነስ ምክንያት የሚጻፍባት ሳጥን ደግሞ ዋይታ አትፈልግም። ምን እንደተፈጠረ፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደቆየ፣ የትኛውን ትምህርት እንደነካ፣ ምን ማስረጃ እንዳለ በአራት ዓረፍተ ነገር ማስፈር ይበቃል።

«ለምን የእኛን ድርጅት መረጥክ?» የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 500 ቃል ይፈቅዳል። ደካማው መልስ ይህን ይመስላል፦ «ድርጅታችሁ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ፣ ጥራት ያለው ሥልጠና የሚሰጥና የትብብር መንፈስ የሰፈነበት በመሆኑ።» የድርጅቱን ስም በተፎካካሪው ስም ብትተኩት ዓረፍተ ነገሩ ምንም አይሆንም፤ ድክመቱም እዚያው ላይ ነው። ውሃ የሚያነሳ መልስ ሦስት ነገር ያያይዛል፦ ድርጅቱ የሠራውን አንድ የተወሰነ ጉዳይ፣ በዚያ ጉዳይ የትኛው ክፍል ምን እንደሠራ፣ እና አመልካቹ ካሳለፈው ነገር ወደዚያ ሥራ የሚስበውን ክር። በሱፐርማርኬት ካሽ ሬጂስተር የሠራ ተማሪ ስለ አቅራቢዎች ውልና ስለ ዋጋ ግፊት ከተናገረ «የንግድ ግንዛቤ አለኝ» ከሚል ባዶ ቃል እጅግ ይሻላል። ስምም አደራ። አለን ኤንድ ኦቨሪ በሜይ 2024 ከሺርማን ኤንድ ስተርሊንግ ጋር ተዋሕዶ ኤ ኤንድ ኦ ሺርማን ሆኗል፤ የድሮውን ስም የጻፈ አመልካች ድረ ገጹን እንዳልከፈተ ራሱ መሰከረ። ከሌላ ማመልከቻ ሲገለበጥ የቀረ የተፎካካሪ ስም ደግሞ ምሕረት የለውም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለማጻፍ ድርጅቶቹ የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ከመጀመር በፊት ያንን ማንበብ ነው።

ለመረጃ ምንጭ የሊጋል ቺክ የድርጅት መግለጫዎች ደመወዝንና የሥራ ሰዓትን ለማነጻጸር ምቹ ናቸው። ቻምበርስ ስቱደንት ከሠልጣኞች ጋር ባደረገው ቃለ ምልልስ ላይ ስለሚመሠረት የቢሮውን ጠባይ በተሻለ ያሳያል። ሎው ካሪየርስ ዶት ኔት ለማብቂያ ቀናት ይጠቅማል። ሦስቱም አንድ ችግር ይጋራሉ፦ ሁሉም አመልካች ያነባቸዋል፣ ሁሉም ያንኑ ዓረፍተ ነገር መልሶ ይጽፋል። ድርጅቱ ራሱ የሚያወጣው ዜናና ለደንበኞቹ የሚጽፋቸው ማብራሪያዎች አሰልቺ ናቸው፤ ልዩነት የሚፈጥረው ግን እዚያ ውስጥ ነው።

ቀጣዩ ማጣሪያ በብዙ ድርጅቶች ዋትሰን ግሌዘር የተባለው ፈተና ነው፤ የተለመደው ቅጂ 40 ጥያቄ በ30 ደቂቃ፣ በአምስት ክፍል። ዕውቀትን አይለካም፤ እንዲያውም ከውጭ ዕውቀት ያመጣን ሰው ይጥላል። ለምሳሌ «ሰነዱ ነገ ጠዋት ደንበኛው እጅ እንዲገባ በኢሜይል እንላከው» ቢል፣ «ኢሜይሉ እስከ ነገ ጠዋት ለደንበኛው ሊደርስ ይችላል» የሚለው የተናጋሪው ቅድመ ግምት ነው። «ኢሜይል ከፖስታ ይረክሳል» የሚለው እውነት ቢሆንም ቅድመ ግምት አይደለም፤ ስለ ዋጋ የተነሣ ነገር የለምና። ብዙ ሰው ነጥብ የሚጥለው አምስት አማራጭ ባለው የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ «እውነት» እና «እውነት ሳይሆን አይቀርም» የሚሉት ይምታቱበታል። ከጽሑፉ ያለ ጥርጥር የሚከተል ካልሆነ «እውነት» አይባልም። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መመሪያ ስላለው ልምምዱን በየክፍሉ ለይቶ መሥራት ይበጃል።

የቪዲዮ ቃለ መጠይቁ ከሁሉ ጥቅሙ ያነሰው ማጣሪያ ነው፣ ለአመልካቹም ለድርጅቱም። ጥያቄ በስክሪን ይመጣል፣ ለማሰብ ግማሽ ደቂቃ ያህል፣ ለመመለስ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይሰጣል፤ ፊት ለፊት የሚያናግር ሰው የለም። በቃል የተጠና መልስ ወዲያው ይታወቃል። አሰስመንት ሴንተሩ፣ ማለትም በርካታ ምዘናዎች በአንድ ላይ የሚሰጡበት ደረጃ፣ ግን በደንብ የታሰበበት ነው፦ የጽሑፍ ሥራ፣ የቡድን ውይይት ወይም ድርድር፣ በአንድ የኩባንያ ግዢ ላይ የተመሠረተ ኬዝ ስተዲ፣ ከፓርትነር (ከድርጅቱ ባለድርሻ ጠበቃ) ጋር ቃለ መጠይቅ። በኬዝ ስተዲው ብዙዎች የሚሳሳቱት ያገኙትን አደጋ ሁሉ በመዘርዘር ነው። ፓርትነሩ መስማት የሚፈልገው ከአደጋዎቹ ግዢውን የሚያስቀረው የቱ እንደሆነ፣ የቱ ደግሞ በዋጋ ቅነሳ ወይም በውሉ ውስጥ በሚገባ ዋስትና እንደሚፈታ ነው።

በስቱደንት ቪዛ ላሉ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። የዲግሪ ተማሪ በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድለትም፣ በዕረፍት ግን ሙሉ ሰዓት ይችላል። የአንድ ዓመት ማስተርስ ተማሪ በጋውን የሚያሳልፈው የመመረቂያ ጽሑፉን በመሥራት ስለሆነ ያ ወቅት በአብዛኛው እንደ ዕረፍት አይቆጠርም። የበጋ ስኪም ከመቀበሉ በፊት ቀኖቹን ከዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ ያረጋግጥ። ድርጅቱ ለኋላው የሥራ ቪዛ ስፖንሰር ያደርግ እንደሆነም ከማመልከት በፊት መታየት አለበት፤ ትንንሾቹ ብዙውን ጊዜ አያደርጉም።

ስኪም ሳያገኙ ለቀሩ ከ2021 ወዲህ የተከፈተው ሌላ መንገድ የምር አማራጭ ነው። በኤስ ኪው ኢ ሥርዓት የሁለት ዓመቱን የሥራ ልምድ እስከ አራት በሚደርሱ ቦታዎች ማሰባሰብ ይቻላል፤ በፓራሊጋልነት (በጠበቃ ረዳትነት) የተሠራም፣ በዩኒቨርሲቲ የነጻ ሕግ ምክር ክሊኒክ የተሠራም፣ ሶሊሲተር ካረጋገጠው ይያዛል። ጉድለቱ ወጪው ነው። የሁለቱ ደረጃዎች የፈተና ክፍያ ብቻ 5,000 ፓውንድ ይጠጋል፣ የዝግጅት ኮርሱ ለብቻው ነው፣ ሁሉም ከራስ ኪስ። የመጀመሪያው ደረጃ 360 ምርጫ ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱን ፈተና በስድስት ዓመት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ መፈተን አይቻልም። የልምድ ማረጋገጫውን ከየቦታው ሲለቁ ወዲያው ማስፈረም ያስፈልጋል፤ የሚፈርመው ሶሊሲተር ሥራ ከቀየረ በኋላ እሱን ፍለጋ መዞር ወራት ይፈጃል።